ሙሚያ፦ ከዓለት ዝፍት እስከ ሰው አስከሬን

የጥንት ግብጻውያን የሙታናቸውን ሥጋ አድርቀው፣ በቅባት አሽተውና በጨርቅ ገንዘው ባስቀመጡባቸው ሺህ ዓመታት ሁሉ ሙሚያ የሚባል ቃል አያውቁም ነበር። በሥርዓቱ የተዘጋጀውን አስከሬን ሳህ ይሉት ነበር፤ ቃሉ ከክብርና ከማዕረግ ሐሳብ ጋር የተዛመደ ሲሆን፣ ተገንዞ የተቀመጠው ሰው ከተራ ሟችነት አልፎ ወደ አማልክት ወገን መቆጠሩን ያመለክታል። ዛሬ በብዙ የዓለም ቋንቋዎች ለዚሁ አካል የተሰጠው ስም ግን ከፋርስ ተራሮች የመጣ ነው፤ በመጀመሪያም የሚያመለክተው ከዓለት ስንጥቅ የሚንጠባጠብን ዝፍት፣ ማለትም በዘመናችን ሬንጅ ከምንለው ጋር የሚዛመድን ጥቁርና የሚያጣብቅ የምድር ቅባት ነበር። ስሙ ከማዕድን ወደ ሰው የተሻገረው በመልክ መመሳሰል በመጣ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም በቃል ደረጃ ሳይወሰን በአንድ ወቅት እስትንፋስ የነበራቸውን እጅግ ብዙ ሰዎች ለመድኃኒት ቀማሚ ሙቀጫና ለሠዓሊ ቀለም አሳልፎ ሰጥቷል።

በግብጽ አስከሬንን የማድረቅ ጥበብ ያስተማረው በረሃው ራሱ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3500 ገደማ በላይኛው ግብጽ በጌበሌን የተቀበሩ ሰዎች ሥጋቸው በቀጥታ ከጋለው አሸዋ ጋር ስለተገናኘ፣ አሸዋው እርጥበታቸውን መጥጦ ከነቆዳቸውና ከነፀጉራቸው ጠብቋቸዋል። ኋላ ሹማምንትና ባለጸጎች የድንጋይ መቃብርና የእንጨት ሣጥን ማሠራት ሲጀምሩ፣ ሟቹን ለማክበር የታሰበው ሣጥን ከአሸዋው ለየውና ሥጋው መበስበስ ጀመረ፤ በዚህም ምክንያት ተፈጥሮ በነጻ ትሠራው የነበረውን ሥራ የሰው እጅ እንዲሠራው ግድ ሆነ። ጥበቡ በአዲሱ መንግሥት ዘመን፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1550 እስከ 1070 ገደማ በነበሩት ዓመታት፣ ወደ ከፍተኛ ደረጃ ሲደርስ አንጎል በአፍንጫ ቀዳዳ ይወጣ፣ ሆድ ዕቃው በግራ ጎን በተከፈተ ስንጥቅ ይወገድ ነበር፤ ልብ ግን የማስተዋልና የማንነት ማደሪያ ናት ተብሎ ስለሚታመን ከቦታዋ አትነካም ነበር። ከዚያም ገላው ናትሮን በተባለ የጨው ዓይነት ተሸፍኖ ለአርባ ቀናት ያህል ይደርቃል። ይህ ጨው የሚገኘው ከካይሮ በስተሰሜን ምዕራብ ባለው የናትሩን ሸለቆ ሲሆን፣ ሸለቆው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የመነኮሳት መኖሪያ አድርገው ገዳመ አስቄጥስ ብለው የሚጠሩት ያው ስፍራ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 50 ዮሴፍ የአባቱን የያዕቆብን አስከሬን ባለ መድኃኒቶች በሽቱ እንዲያሹት ሲያዝ አርባ ቀን መፍጀቱና ግብጻውያን ሰባ ቀን ማልቀሳቸው መጠቀሱ፣ ከዚህ ሥርዓት የቀን አቆጣጠር ጋር የሚገጥም ነው።

ሥጋው ከደረቀ በኋላ ያለው ሥራ ለቃሉ ታሪክ ዋናው ነገር ነው። ገናዦቹ አስከሬኑን ከጥድና ከሌሎች ዛፎች በሚወጣ ሙጫ፣ በዘይት፣ በንብ ሰምና በእንስሳት ስብ ይቀቡታል፤ ግብጻውያን ከርቤና ዕጣን የሚያመጡት በቀይ ባሕር በኩል ተጉዘው ፑንት ብለው ከሚጠሩት አገር ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይህን አገር በአፍሪካ ቀንድ አካባቢ ያስቀምጡታል። የተቀባውም ገላ በብዙ ድርብ የበፍታ ጨርቅ ይጠቀለላል። ሙጫና ዘይት በዘመናት ብዛት እየጠቆሩና እየጠነከሩ ስለሚሄዱ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሺህ ዓመት በኋላ መግነዙን ፈትቶ የሚያይ ሰው የሚያገኘው እንደ ዝፍት የጠቆረ፣ ሲሰበር የሚያብለጨልጭ ነገር ነው።

የግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ግብጻውያን ሲጽፍ፣ የአስከሬን አዘገጃጀቱን እንደ ቤተሰቡ አቅም በሦስት ደረጃ ከፍሎ በዝርዝር ሲያስረዳ ስለ ዝፍት አንድም ቃል አላነሣም። ከእርሱ አራት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ የመጣው ዲዮዶሮስ ዘሲሲሊ ግን ከሙት ባሕር የሚሰበሰበው ዝፍት ለዚሁ ሥራ ወደ ግብጽ ተወስዶ እንደሚሸጥ መዝግቧል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የዘመናችን የኬሚስትሪ ምርመራ እንዳረጋገጠው በአዲሱ መንግሥት ዘመን ዝፍት ለዚህ ሥራ የሚውለው ከስንት አንዴ ሲሆን፣ በኋለኞቹ ዘመናት፣ በተለይም በበጥሊሞሳውያንና በሮማውያን አገዛዝ፣ አጠቃቀሙ በጣም ጨምሯል። ስለዚህ ከመቃብሮቹ ከወጣው ጥቁር ነገር ከፊሉ እውነተኛ ዝፍት ነበር፤ ብዙው ግን ዝፍት የሚመስል ሙጫ ነበር፤ ይህ ከፊል እውነትነቱም ስሕተቱን ለማረም አስቸጋሪ አድርጎታል።

ቃሉ የተወለደው ከዚህ ሁሉ ርቆ፣ በፋርስ ነው። በፋርስ ቋንቋ ሙም ማለት ሰም ሲሆን፣ ከእርሱ የወጣው ሙሚያ የሚለው ስም በደቡብ ፋርስ በዳራብ አካባቢ ከዓለት የሚወጣውን ሰም መሰል ጥቁር ቅባት ያመለክት ነበር። ቅባቱ የሚገኘው በጣም በትንሹ ስለነበረ በነገሥታት ዘበኞች ይጠበቅ ነበር፤ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፣ ቁስል ይደፍናል፣ የውስጥ ደም መፍሰስን ይገታል ተብሎም ይታመንበት ነበር። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስቆሪዶስ ስለ መድኃኒቶች በጻፈው መጽሐፉ በኢሊሪያ ምድር በአጵሎንያ አቅራቢያ የሚገኝ፣ የቅጥራንና የዝፍት ጠረን ያለው ተመሳሳይ ነገር ፒሳስፋልቶስ በሚል ስም ጠቅሷል። ይህ መጽሐፍ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ወደ ዐረብኛ ሲመለስ ሐኪሞች የግሪኩን ፒሳስፋልቶስና የፋርሱን ሙሚያ እንደ አንድ መድኃኒት ማየት ጀመሩ። አር-ራዚም ሆነ በ1037 ያረፈው ኢብን ሲና ሙሚያን ለስብራት፣ ለምት፣ ለሽባነትና ለልዩ ልዩ የውስጥ ሕመሞች ሲያዝዙ በአሳባቸው የነበረው ይህ የተራራ ቅባት እንጂ የሰው ሬሳ አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተራራው ሙሚያ ብርቅና ውድ ስለነበረ ገበያው ምትክ ፈለገ፤ ምትኩም በግብጽ መቃብሮች ተገኘ። ይህ የመጀመሪያው እርምጃ እንዴት እንደተወሰደ ከሁሉ በተሻለ የሚያሳየው፣ በ1200 ገደማ ግብጽን የጎበኘው የባግዳዱ ሐኪም አብዱል ለጢፍ የተወው ጽሑፍ ነው። የገጠር ሰዎች ከጥንት ሙታን የራስ ቅልና ሆድ ውስጥ የሚያገኙትን ጥቁር ነገር ወደ ከተማ እያመጡ በርካሽ ይሸጡት እንደነበር ገልጾ፣ እርሱ ራሱ በዚህ ነገር የተሞሉ ሦስት ራሶችን በግማሽ ዲርሃም ገዝቷል። ሻጩ ከፍቶ ባሳየው ጆንያም ውስጥ ደረትና ሆድ እንደታጨቀ ሲመለከት፣ ቅባቱ አጥንት ድረስ ዘልቆ የአጥንቱ አካል እስኪመስል መዋሐዱን አስተውሏል። አብዱል ለጢፍ ግን የስሙን እውነተኛ ባለቤት አልዘነጋም፤ ትክክለኛው ሙሚያ ከተራራ ራስ ከውኃ ጋር የሚወርደው መሆኑን ለይቶ ካስረዳ በኋላ፣ ያ በማይገኝበት ጊዜ ከመቃብር የወጣው ሊተካው እንደሚችል ጽፏል። በእርሱ ብዕር ዋናውና ምትኩ ገና አልተቀላቀሉም፤ ሻጩም ገዢውም የሚፈልጉት ቅባቱን እንጂ ቅባቱን የያዘውን ሰው አልነበረም።

ልዩነቱ የጠፋው ወደ ላቲን በተደረገው ሽግግር ነው። በ1187 ያረፈው ጄራርድ ዘክሬሞና በስፔን ከተማ በቶሌዶ ተቀምጦ የዐረብ ሐኪሞችን መጻሕፍት ሲተረጉም ሙሚያ የሚለው ቃል ሲገጥመው፣ ሙታን በሬት በሚቀበሩበት አገር የሬሳው ፈሳሽ ከሬቱ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ዝፍት መሰል ነገር የተለወጠ ነው የሚል ትርጉም ሰጠው። ሬት መራራ ቅጠል ካለው ተክል የሚወጣ ፈሳሽ ሲሆን፣ በዚህ አተረጓጎም የፋርስ ተራራ ፈጽሞ ተረስቶ መድኃኒቱ ከሬሳ የሚፈልቅ ሆነ። የኢጣልያ ሐኪሞችና መድኃኒት ቀማሚዎች ይህን ተቀብለው ካስተማሩ በኋላ ሦስተኛው እርምጃ ብዙ አልቆየም፤ ከቅባቱ ጋር የተዋሐደው ሥጋም መድኃኒት ነው ተባለና በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ሙሚያ ተብሎ የሚሸጠው የተፈጨ የሰው ሥጋ ሆነ። በፋርስና በመካከለኛው እስያ ግን ቃሉ ከጥንት ትርጉሙ ሳይለይ ስለቆየ፣ ከዓለት የሚሰበሰበው ጥቁር ነገር እስከ ዛሬ ሙሚዮና ሙሚያይ እየተባለ ለስብራት ይሸጣል።

የፈረንሳይ ንጉሥ ቀዳማዊ ፍራንሷ ከፈረስ ቢወድቅ ወይም ቢቆስል እንዲደርስለት ከሩባርብ ሥር ጋር የተቀላቀለ ሙሚያ ከእርሱ አይለይም ነበር ተብሎ ተጽፏል። እንግሊዛዊው ነጋዴ ጆን ሳንደርሰን በ1586 በሜምፊስ አቅራቢያ ባለ የሙታን ጉድጓድ ውስጥ በገመድ ወርዶ፣ ሻማ ይዞ በተደራረቡ አስከሬኖች ላይ ከተራመደ በኋላ፣ ሥጋው እንዴት ወደ መድኃኒትነት እንደተለወጠ ለማየት ከየገላው እየሰበረ ወስዷል፤ ከ600 ፓውንድ በላይ የሚመዝን የተቆራረጠ ሥጋም በመርከብ ወደ እንግሊዝ ልኳል። ፍላጎቱ ከአቅርቦቱ ሲበልጥ ደግሞ ሐሰተኛው ሙሚያ መጣ። የናቫር ንጉሥ ሐኪም ጊ ደ ላ ፎንቴን በ1564 በእስክንድርያ አንድ ታዋቂ ሙሚያ ሻጭ ጋ ሄዶ ሠላሳ ወይም አርባ ያህል ሬሳ ተከምሮ ባየ ጊዜ፣ ነጋዴው ከእነዚህ መካከል አራት ዓመት ያለፈው እንደሌለ፣ የባሪያም ሆነ የሌላ ሰው ሬሳ ሲገኝ በዝፍት ሞልቶና በጨርቅ ጠቅልሎ በፀሐይ እንደሚያደርቀው ሳይደብቅ ነግሮታል። ሟቾቹ በምን በሽታ እንደሞቱ ተጠይቆም፣ ሬሳው እስከተገኘ ድረስ ምክንያቱ እንደማይገደው መልሷል።

ይህን ወሬ ለትውልድ ያቆየው ፈረንሳዊው የቀዶ ሕክምና ሊቅ አምብሯዝ ፓሬ ነው። በ1580 ክሪስቶፍ ደዝ ኡርሰን የተባለ ከመኳንንት አንዱ ከፈረስ ወድቆ ክፉኛ ተጎድቶ ፓሬ ካከመው በኋላ፣ ሲያገግም ስለምን ሙሚያ እንዳልሰጠው ጠየቀው፤ ፓሬም ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ድርሳን በ1582 አሳተመ። በድርሳኑ ይህ ነገር በሽተኛን የማይረዳ፣ ይልቁንም ሆድንና ልብን የሚያውክ፣ የሚያስመልስና የአፍን ጠረን የሚያበላሽ መሆኑን ከልምዱ መስክሯል፤ የጥንት ሊቃውንት የሚሉት ሙሚያም ይህ እንዳልሆነ ሞግቷል። የፓሬ ድፍረት ሊደነቅ ይገባዋል፤ ምክንያቱም በነገሥታት ቤት የተከበረን መድኃኒት ከንቱ ነው ብሎ በይፋ የጻፈው ሥራው ከእነዚያው ቤቶች ጋር የተሳሰረ ሰው ሆኖ ሳለ ነው። ሆኖም የሰማው ጥቂት ነበር። የሐኪሙ የፓራሴልሱስ ተከታይ የሆነው ኦስዋልድ ክሮል በ1609 ባሳተመው መጽሐፍ ከግብጽ መጠበቁን ትቶ፣ በስቅላት የተገደለን ሃያ አራት ዓመት ገደማ የሆነውን ቀይ ወጣት ሥጋ በከርቤና በሬት ነስንሶ ማዘጋጀትን እስከ ማስተማር ደርሷል። ከዝፍት የተነሣው ቃል በዚህ ጊዜ ከዝፍትም ከግብጽም ተለይቶ ለመድኃኒትነት የሚውል የማንኛውም ሰው ሥጋ መጠሪያ ሆነ።

አራተኛውና እስከ ዛሬ የዘለቀው ትርጉም የመጣው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ሮማዊው መንገደኛ ፒየትሮ ደላ ቫሌ በ1615 በሳቃራ ፊታቸው በቀለም የተሣለባቸውና መግነዛቸው በወርቅ ያሸበረቀ ሁለት ሙሉ አስከሬኖች ገዝቶ ወደ ሮም ወሰደ፤ እነርሱም በ1728 ወደ ድሬስደን ተሻግረው እስከ አሁን በዚያ ይገኛሉ። ደላ ቫሌ የገዛው ለሙቀጫ ሳይሆን ለዕይታ ነበር፤ እንደ እርሱ ያሉ ሰብሳቢዎች ሲበዙም ሙሚያ የሚለው ስም ከሥጋው ቁራጭ ወደ ሙሉው አካል ተዛወረ። በእንግሊዝኛ ቃሉ ማሚ የሚል ድምፅ ይዞ ስለቀረ እናትን ከሚጠሩበት የልጆች ቃል ጋር አንድ ሆኗል፤ ነገር ግን የኋለኛው ከሕፃናት አፍ የወጣ በመሆኑ ሁለቱ በዘር አይገናኙም፤ በአዲስ አበባ ልጆች ዘንድ እናት የምትጠራበት ማሚም ከዚሁ ከሁለተኛው ወገን ነው።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሐኪሞች መድኃኒቱን እየተዉት ቢመጡም የሰው ገላ ከመፈጨት አልዳነም፤ ሠዓሊዎች የሙሚያ ቡኒ የሚሉት ቀለም ከዚያው ዱቄት በዘይት ተለውሶ ይሠራ ነበር። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ በርን ጆንስ በ1881 የቀለሙን ምንነት ከባልደረባው ከአልማ ታዴማ ሲሰማ በመጀመሪያ አላመነም፤ እውነት መሆኑን ሲረዳ ግን ያለችውን አንዲት ቱቦ ይዞ ወጥቶ በጓሮው ጉድጓድ አስቆፍሮ በክብር ቀብሯታል። ሌሎች እንደ እርሱ አላደረጉም፤ የሎንዶኑ ቀለም አምራች የሮበርሰን ኩባንያ ኃላፊ ለቀለም የሚሆን አስከሬን እንዳለቀባቸው ለታይም መጽሔት የተናገሩት በ1964 ነበር።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሐኪሙ ቶማስ ፔቲግሩ በሎንዶን በሕዝብ ፊት አስከሬን እየገለጠ ሲያስተምር ቆይቶ በ1834 ስለ ግብጻውያን ሙሚያዎች መጽሐፍ አሳተመ። በ1881 ደግሞ ዳግማዊ ራምሴስንና አባቱን ቀዳማዊ ሴቲን ጨምሮ ብዙ ነገሥታት ተሰውረው የኖሩበት ዋሻ በዴር ኤል ባሕሪ ተገኘ። በ1924 የጀርመኑ የመርክ ኩባንያ የመድኃኒት ዝርዝር ሙሚያን ከዋጋው ጋር ይዞ ሲወጣ፣ በሉክሶር የቱታንኻሙን መቃብር ከተገኘ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በኅዳር 1925 የቁፋሮ ሊቁ ሃዋርድ ካርተርና የአካል ጥናት ሊቁ ዳግላስ ዴሪ የወጣቱን ንጉሥ መግነዝ ሲፈቱ፣ በገናዦቹ የፈሰሰው ቅባት ጠንክሮ ገላውን ከወርቅ ሣጥኑና ከጭንብሉ ጋር አጣብቆት ስላገኙት በጋለ ቢላዋ እስከ ማላቀቅና አካሉን እስከ መቆራረጥ ደርሰዋል። ያን ጥቁር ነገር በቅርብ የመረመረው ኬሚስቱ አልፍሬድ ሉካስ፣ በዘመናት ሁሉ ዝፍት እየተባለ የኖረው በአብዛኛው የዛፍ ሙጫ መሆኑን በሥራዎቹ አስረድቷል። ስሙ ግን በዚያን ጊዜ ከመታረም አልፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከግብጽም ሰፋ። በ1991 በኢጣልያና በኦስትሪያ ድንበር በበረዶ ውስጥ የተገኘውና ከ5000 ዓመት በላይ ያስቆጠረው ኧትዚ፣ በሰሜን አውሮፓ ረግረጎች የተገኙ ሰዎች፣ እንዲሁም በቺሊ ከግብጻውያን ቀድመው ሙታናቸውን በሰው እጅ ያዘጋጁት የቺንቾሮ ሰዎች ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ አብዛኞቹም የዝፍት ጠብታ ነክቷቸው አያውቅም። ዐረብኛም ቃሉን ከአውሮፓ የተጨመረበትን ትርጉም ይዞ መልሶ ተቀብሎታል፤ በሚያዝያ 2021 ግብጽ 18 ነገሥታትና 4 ንግሥታትን ከታሕሪር አደባባይ ሙዚየም በፉስጣጥ ወዳለው የግብጽ ሥልጣኔ ብሔራዊ ሙዚየም በክብር ሰልፍ ስትሸኝ የጠራቻቸው በዚሁ ስም ነበር።

በብሪታንያ ግን በ2023 መጀመሪያ አንዳንድ ሙዚየሞች በመግለጫ ጽሑፎቻቸው ላይ ሙሚያ ከማለት ይልቅ ሰውነቱን የሚያስቀድም አጠራር፣ ለምሳሌ ሙሚያ የተደረገ ሰው ወይም የተደረገች ሴት የሚል፣ መጠቀም መጀመራቸው ታወቀ። ከእነርሱ አንዱ በኒውካስል የሚገኘው ታላቁ የሰሜን ሙዚየም ሲሆን፣ ለጎብኚዎቹ ያቀረበው መጠይቅ ብዙዎች በመስታወቱ ውስጥ ያለችው በእውነት የኖረች ሰው መሆኗን እንደማያውቁ ስላሳየው፣ የጥንት ግብጻዊቷን በራሷ ስም ኢርቲሩ ብሎ ያስተዋውቃል።